አዲስ ሞተር አይነካም

ሀፍረት ከየት እንደሚጀምር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው ከፊት ነው ይላል። የኔ ከጆሮዬ ነው። መጀመሪያ ጆሮዬ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ አንገቴ ይወርዳል፤ ከዚያ እጆቼ የማን እንደሆኑ ይጠፋኛል። የት ላስቀምጣቸው? ኪሴ ልክተታቸው? ወደ ኋላ ላጣምራቸው? ይህ እንግዲህ የራሴ ሀፍረት ሲሆን ነው። የራስ ሀፍረት ቢያንስ ባለቤት አለው፤ ያጠፋኸውን ታውቃለህ፣ አንገትህን ደፍተህ ትቀበላለህ፣ ውሎ አድሮ ይበርድልሃል። መከራው በዝምድና የሚመጣው ሀፍረት ነው። ሚስት ስታገባ ሽማግሌዎቹ ስለ ጥሎሹ፣ ስለ ድግሱ፣ ስለ አጃቢው ብዛት ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ከልጅቱ ጋር የአባቷም ሀፍረት እንደሚመረቅልህ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም።

ሌላም ነገር ልጨምር። እኛ አገር አዲስ ዕቃ ይፈራል። አትቆጡኝ፣ እውነቴን ነው። በደርግ ጊዜ፣ ዕቃ እንደልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ናዝሬት የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሬዲዮ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሬዲዮውን መክፈት ሳይሆን የዳንቴል ልብስ ማሠራት ነበር። ሶፋው ከነላስቲኩ ይኖራል፤ በናዝሬት ሙቀት እንግዳው ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ፣ ልሂድ ብሎ ሲነሳ ቆዳው የተገሸለጠ ይመስል ጭርር እያለ ይላቀቃል። ባለ አበባው ብርጭቆ ለማይመጣ እንግዳ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ያረጃል። አለመንካት ማክበር ይመስለናል። ያልነካነው ዕቃ አንድ ቀን ሲበላሽብን ደግሞ «ምነው፣ አዲስ አልነበር እንዴ!» ብለን ወዳጁ እንደከዳው ሰው እናዝናለን።

አማቴ ጋሼ ወንድይፍራው የዚህ እምነት አለቃ ነበሩ። ከከተማው ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ የግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ንግግራቸው እንደ ልብሳቸው የተተኮሰ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው እጅ ዕቃ ማስወጣት ከአንበሳ መንጋጋ ሥጋ ከማውጣት አይተናነስም ይባላል። አዲስ የመጣ መለዋወጫ ከነቅባቱ፣ ከነወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ሲያዩት የሚሰማቸው ደስታ ሌላው ሰው ልጁ ሲመረቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። «ዕቃ የሚበላሸው ሰው ሲነካው ነው» ይላሉ። በዚህ ፍልስፍና ሲኖሩ ኖረው አንድ ዓመት ኮከብ ሠራተኛ ተባሉ።

ለኮከብ ሠራተኛ የሚሰጠው ብርድ ልብስ ወይም የግድግዳ ሰዓት ነበር። የዚያን ዓመት ለሸላሚዎቹ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ለጋሼ ሞተር ብስክሌት ሰጧቸው። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣች፣ ቀይ፣ ትንሽዬ፣ ለሁለት ሰው የምትበቃ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሼ እጅ ሲነሱ አየኋቸው፤ የነሱት ለሸላሚዎቹ ይሁን ለሞተሯ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሞተሯን ያስረከባቸው የፋብሪካው ጋራዥ ኃላፊ ነበር። እኔም ለመግፋት አብሬ ሄጄ ስለነበር የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ጥቂት ሳምንት ከነዷት በኋላ ብቅ ይበሉ» አላቸው። «አዲስ ሞተር ሲነዳ ብሎኑ ይላላል፣ ካቴናው ይረዝማል፣ የፍሬኑ ሽቦ ይለጠጣል። አንዴ ከጠበቀ በኋላ ያለ ሐሳብ ይነዳሉ።»

ጋሼ ሚስታቸው የተሰደበች ያህል ክው አሉ።

«ምን አልክ አንተ? ይቺ እኮ አዲስ ናት!»

«አዲስ ስለሆነች ነዋ፣ ጋሼ።»

«አዲስ ሞተር አይነካም! መፍቻ የገባበት ዕቃ ምኑን አዲስ ሆነ?»

ሰውየው እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጆሮዬ መጋል የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ሞተሯ ሳሎን ገባች። ማታ ማታ ነጭ አንሶላ ትለብሳለች። ባለቤታቸው እትዬ ደስታ አንድ ቀን ጋሼ አንሶላውን ሲያስተካክሉ በትዝብት አይተዋቸው፣ «እኔን ታምሜ እንኳ እንዲህ ሸፍኖኝ አያውቅም» አሉኝ። ቀን ቀን ጋሼ እንደ ሙሽራ ያወጧትና ከቤት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ቤት ቀስ አድርገው ይነዷታል። ዝናብ ካለ አትወጣም። ጭቃ ካለ አትወጣም። ሰው ከበዛም አትወጣም፤ ዓይን ይበላታል።

የጋራዡ ሰው ያለው ግን አልቀረም። መጀመሪያ ከኋላ በኩል አንድ ነገር ሽክ ሽክ ማለት ጀመረ። «እየተላመደች ነው» አሉ ጋሼ። ቀጥሎ ካቴናው እየረገበ ብረቱን ቋ ቋ ያደርግ ጀመር። «ይሄ የብረቱ ጥራት ነው፤ እንዲህ የሚጮህ ብረት ዛሬ የት ይገኛል?» ፍሬኑ ሲያዝ መቆም ትቶ ማሰብ ጀመረ። ክላክሱና ሞተሩን የሚያጠፋው ቁልፍ አንድ ላይ የተገጠሙባት፣ መሪው ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ደግሞ እንደ ሕፃን ልጅ ጥርስ ትነቃነቅ ጀመር። ባለቤቴ ጽጌ የአባቷን ፊት ሳትፈራ የምትናገር እሷ ብቻ ናትና «አባባ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ለምን አታሳያትም?» አለቻቸው።

«ምኗን? አዲስ ናት እኮ!»

እንግዲህ ቀልዱ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አላበቃም።

ጋሼ ወንድይፍራው አንድ የልብ ወዳጅ ነበራቸው፤ አቶ ገመቹ የሚባሉ፣ የዚያው ፋብሪካ መካኒክ፣ ከአዋሽ ማዶ፣ ዴራ ተወልደው እዚያው ዴራ የሚኖሩ። ከዴራ ናዝሬት በየቀኑ እየተመላለሱ ነው የሠሩት። የገመቹን ልጅ ቶሎሳን ክርስትና ያነሱት ጋሼ ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር አንዱ ከሌላው ቤት አይጠፋም ነበር ይላሉ እትዬ ደስታ፤ የእኛ ጽጌ ኦሮምኛ አቀላጥፋ የምትናገረው ዴራ ሰንብታ እየተመለሰች ነው።

ከዚያ፣ ሞተሯ ከመምጣቷ ከዓመታት በፊት፣ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ የሚባል ነገር መጣ። ታስታውሱታላችሁ፤ ሰው ተራ በተራ እየተነሳ ጓደኛውን በጓደኛው ፊት የሚያርምበት። አንድ ቀን አቶ ገመቹ ተነሱና፣ «ማሽኑ መለዋወጫ አጥቶ ቆሟል፤ መለዋወጫው ግምጃ ቤት ተኝቷል። ጓድ ወንድይፍራው ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ ፋብሪካውን አይጠብቅም» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነት ነበር። መከራው አዳራሹ መሳቁ ነው። ጋሼ የተባሉትን ይረሱት ነበር፤ የተሳቀባቸውን ግን አልረሱም። ከዚያ ቀን በኋላ ለገመቹ ሰላምታ ነሷቸው። ሰውየው ሽማግሌ ላኩ፤ አልሆነም። ራሳቸው በዓመት በዓል መጡ፤ ጋሼ በጓሮ በር ወጡ። ገመቹ ጡረታ ሲወጡ በተዘጋጀው ሽኝት ላይ ሁሉም ሰው ሲገኝ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ብቻ ቆጠራ ላይ ነበሩ።

ሞተሯ ከመጣች በኋላ ገመቹ ታመሙ። ወሬው ናዝሬት ደረሰ። እትዬ ደስታ ሄደው ጠይቀው መጡና፣ «አንተን ነው የሚጠይቀው። 'ወንዴ ደህና ነው?' ይለኛል» አሏቸው። ጋሼ ያን ማታ እራት አልበሉም። በማግስቱ ለእኔ ብቻ፣ ሞተሯን እየወለወሉ፣ «ሄጄ እጠይቀዋለሁ» አሉኝ። «በዚች ነው የምሄደው። በሽልማቴ። ግን አሁን የዴራ መንገድ ዝናብ መትቶታል፤ ጭቃው ያበላሻታል። ትንሽ ይድረቅ።»

መንገዱ ደረቀ። አቧራ ሆነ። አቧራም ያበላሻታል። «ትንሽ ነፋሱ ይቁም።»

ነፋሱ ሳይቆም አቶ ገመቹ ሞቱ።

መርዶው የመጣው ሲነጋ ነው። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አልተነሱም። ሸሚዛቸው አንገታቸው ላይ እንደተቆለፈ እጃቸውን ወደዚያ ሰደዱና የመጨረሻዋን ቁልፍ ፈቱ። ሌላ ምንም አላደረጉም። እንደዚያ ደረታቸው ተከፍቶ አይቻቸው ስለማላውቅ ዓይኔን አዞርኩ።

ፋብሪካው ለቀብሩ አውቶቡስ አዘጋጅቶ ነበር። ጋሼ ግን ከሠራተኛው ጋር አልሄድም አሉ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ መናገርም አያስፈልጋቸውም ነበር። ያ አውቶቡስ ያን ቀን የሳቀውን አዳራሽ ሁሉ ጭኖ ነው የሚሄደው። «ቀድሜ በሞተሬ እሄዳለሁ» አሉ። ጽጌ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ክንዴን ያዘችኝ። «ተፈራ፣ አባቴን ብቻውን አትልከው።»

በዚህ ዓይነት ከኋላ ተፈናጠጥኩ። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ከረባት፣ ከፊቴ የአማቴ ጀርባ።

እስከ አዋሽ ድልድይ ድረስ እግዚአብሔር አብሮን ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ካቴናው ወለቀ። ወርደን መለስነው። ትንሽ ሄድን፤ ወለቀ። መለስነው። እጃችን በዘይት ጠቆረ፤ ጋሼ ያንን እጅ ግንባራቸው ላይ አድርገው ላብ ሲጠርጉ ዘይቱን እንደ ደብተራ ቀለም አጋደሙበት። ፀሐዩ እንዴት እንደሚያቃጥል አትጠይቁኝ። አንድ ባለ ጋሪ ባጠገባችን ሲያልፍ ፈረሱን ገታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ገብስ አብሉት እንጂ!» አለን። ሳቀና ሄደ። ሐዘንተኛ መሆናችንን ቢያውቅ አይስቅም ነበር፤ እኛም ሐዘንተኞች ነን ብለን ለመናገር አፈርን።

ለሦስተኛ ጊዜ ተንበርክከን ካቴና ስንጎትት የፋብሪካው አውቶቡስ ከታች መጣ። ጋሼ ድምፁን አወቁት። ቀና አላሉም። መስኮቶቹ በሙሉ ክፍት ነበሩ፤ ክርን በክርን ላይ ተደርድሯል። «ኧረ ጋሼ ወንድይፍራው ናቸው! እንቁምላቸው እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ሳይነሱ እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ፤ ሂዱ፣ ሂዱ። ሄዱ። አቧራው በላያችን ላይ ወረደ፤ ያ ስንት ጊዜ የተፈራው አቧራ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይህን ተረት በሆዴ እየደጋገምኩ ዳገቱን ጨረስን። ዴራ መግቢያ ላይ ደግሞ ያቺ የምትነቃነቀው ሳጥን ብሎኗ ወልቆ በሽቦዋ ተንጠለጠለች። ጋሼ ለለቅሶ የያዙትን መሐረብ አወጡና ከመሪው ጋር አጥብቀው አሰሯት። አስተሳሰራቸው የግምጃ ቤት ሰው አስተሳሰር ነው፤ አንዴ ከታሰረ በቢላዋ ካልሆነ አይፈታም። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ግን ቀብሩ አልቋል። ሰዉ ወደ ቤት ገብቷል አለን አንድ ቆሎ ተማሪ። ጋሼ የትኩሱን አፈር ጉብታ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አዩት። ወርደው ይሳለሙ እንደሆነ ጠበቅኩ። «ወደ ቤቱ» አሉኝ ብቻ።

የአቶ ገመቹ ቤት ከቁልቁለት በታች ነው። ድንኳኑ ግቢው ፊት ለፊት ተጥሏል፤ ሰዉ ግጥም ብሎ ተቀምጧል፤ አውቶቡሱ ዳር ቆሟል። ከላይ ሆኜ ሳየው ለቅሶው እንኳ ጋብ ብሎ ጸጥ ያለ ነበር። ቁልቁለቱን ጀመርን። መሀል ላይ አንዲት ድንጋይ ዘለልን።

መሐረቡ ተንሸራተተና ቋጠሮው የክላክሱ ቁልፍ ላይ ተቀመጠ።

እንዴት ልንገራችሁ? ጡጡጡጡጥ! ማቆሚያ የለው፣ መተንፈሻ የለው። ጋሼ ቋጠሮውን ሊፈቱ ቢታገሉ የባሰ ጠበቀ። ሞተሩን እንዳያጠፉ ማጥፊያውም ያው መሐረብ ውስጥ ታስሯል። ፍሬን ያዙ፤ ፍሬኑ ያስባል። እኔ እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ «ያዙ! ያዙ!» እላለሁ። የሠርግ መኪና እንዲህ ነው የሚመጣው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከድንኳኑ ሰው ብቅ ብቅ ይል ጀመር። አንዲት ሴት «ሙሽራ ነው እንዴ?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እንዲህ ተጎትተን ድንኳኑ አፍ ላይ፣ ከሐዘንተኛው ጫማ አጠገብ ቆምን። ቆምን ማለቴ እኛ ነን፤ ክላክሱ አልቆመም።

ጋሼ ማርሹን አወጡና ሞተሯን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ፊታቸው ላይ ያ ጥቁር ዘይት፣ ግራና ቀኝ መቶ ዓይን። አንድ ነገር ማድረግ ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ ጎንበስ አልኩና፣ ሞተሩ ከጠፋ ክላክሱም ይጠፋል ብዬ፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን የካንዴላ ገመድ በባዶ እጄ ጨበጥኩ። ኤሌክትሪኩ እስከ ብብቴ ነዘረኝ። «ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ፤ ከልቤ ነው የጮህኩት። ከድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሩቅ ዘመድ የደረሰ መሰላቸው። «ወይኔ! ወይኔ!» ብለው ተቀበሉኝ። እኔ በኤሌክትሪክ፣ እነሱ በሐዘን፣ ጋሼ በክላክስ፤ ግቢው ተናወጠ።

በመጨረሻ ራሱን የተላጨ፣ ጥቁር የለበሰ ጎልማሳ ወጣ። ቶሎሳ ነው፤ የሟች ልጅ። ነጠላውን እጁ ላይ ጠቀለለና ገመዱን ነቀለው። ዝም አለ ሁሉ ነገር። ከአውቶቡሱ የወረዱት ሠራተኞች አንዱም አልሳቀም፤ ቢስቁልን ይሻል ነበር። ቶሎሳ ጎንበስ ብሎ የጋሼን ጉልበት ሳመ። «የክርስትና አባቴ፣ ይግቡ» አላቸው።

ጋሼ አልገቡም። ሟቹን ሳይጠይቁ፣ ሳይቀብሩ፣ በጥሩምባ መጥተው እንዴት ይግቡ? እግራቸው ተተክሎ ቀረ። ያኔ የሟች ሚስት አዴ ጫልቱ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ከውስጥ ወጡ። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። ጋሼን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው፤ ዘይቱን፣ አቧራውን፣ መሪው ላይ የታሰረውን መሐረብ።

«ወንዴ» አሏቸው። «ይህን ሁሉ ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ፣ ዛሬ አሰማኸን።»

ስድብ ቢሆን እንችለው ነበር። ስድብ አልነበረም። አዴ ጫልቱ ራሳቸው የተናገሩትን ሰሙትና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነበር። ሳቁ መልሶ ለቅሶ ሆነ። ጋሼ እግራቸው ላይ ወደቁ። ያ አንገቱን ቆልፎ የኖረ ሰው አቧራው ላይ በግንባሩ ተደፋና፣ «እጠይቀዋለሁ እያልኩ… መንገዱ ይድረቅ እያልኩ…» ብሎ ሳይጨርስ ቀረ። የመንገዱ ነገር ሰበብ ነበር፤ ያ መንገድ በበጋም በክረምትም ሰው ሲመላለስበት የኖረ ነው። ሁሉም ያውቃል። እኔ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፍቶኝ ያቺን ሞተር ደገፍኩ።

አዴ ጫልቱ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው። «ኮቱ፣ ታኢ» አሏቸው፤ ና፣ ተቀመጥ። ወስደውም ከቤተ ዘመዱ ረድፍ፣ ከቶሎሳ ጎን አስቀመጧቸው። ይቅርታ እንደዚህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም፤ ሰው ከይቅርታ በኋላ ሀፍረቱ የሚብስበት መሆኑንም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጋሼ እስከ ሰልስት ድረስ ዴራ ተቀመጡ። እኔ በአውቶቡሱ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ማንም ስለ ክላክሱ አላነሳም፤ ናዝሬት ስንገባ ግን ከኋላ ወንበር አንዱ ሳይታወቀው በሳቅ ፍንድት አለ፣ ከዚያ አውቶቡሱ በሙሉ። እኔም ሳቅሁ። ጆሮዬ ግን እንደጋለ ነበር።

የሰው ወሬ ከሞተር ይፈጥናል። ጋሼ ከዴራ ሳይመለሱ ታሪኩ ናዝሬት ገብቶ፣ በጋሪው፣ በገበያው፣ በቀበሌው ዞሮ አልቋል። እሳቸው ከሰልስት ማግስት ሞተሯን በጭነት መኪና አስጭነው መጡና እቤት ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ወሰዷት። ለኃላፊው፣ «ፍታት» አሉት። «ሁሉንም?» አላቸው። «ሁሉንም።» ከዚያ ወዲያ ነጩ አንሶላ ለመኝታ ሆነ። እትዬ ደስታ ደስ አላቸው።

ግን የሰፈር እድር የሚባል ነገር አለ። የኛ እድር ጥሩምባ ነፊ ጥርሳቸው አልቆ ጥሩምባው ትንፋሽ ብቻ ይተፋ ጀመር፤ ሰው ሞቶ ሳይሰማ የሚቀር በዛ። በወሩ ስብሰባ ላይ ማን ይተካቸው ሲባል አንድ ወሬኛ ከኋላ ተነሳና «ጋሼ ወንድይፍራውስ? ሞተርም አላቸው፣ ክላክስም አላቸው!» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጽጌ እጄን ጨበጠችኝ። ያ የፋብሪካ አዳራሽ ታወሰኝ፤ አሁን ተነስተው ይሄዳሉ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ይኳረፋሉ ብዬ ፈራሁ።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱ። ሳቁ እስኪያበቃ ጠበቁ።

«እሺ» አሉ። «እኔ እነፋለሁ።»

የሳቀው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ጀምሮ ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ በሞተር እየዞሩ የሚያስታውቁት ጋሼ ሆኑ። ሥራውን እንደ ግምጃ ቤቱ ያዙት፤ አንድ ቀን አልዘገዩም፣ አንድ በር አልዘለሉም። በዚህም አልበቃቸውም። ሰው ታሞ መተኛቱን የሰሙ እንደሆነ ብርቱካን ቋጥረው፣ ዝናብም ጭቃም ሳይሉ፣ ያን ዕለት ይሄዳሉ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሁላችንም እናውቀዋለን።

ነገር ግን ነገሩን ከታማሚው በኩል እዩት። አልጋ ላይ ተኝታችኋል። ደጃፋችሁ ላይ የዚያች ሞተር ድምፅ ይቆማል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤታችን አቶ መኮንን ወገባቸውን ታመው ተኝተዋል ተባለና ከጋሼ ጋር አብረን ሄድን። ገና ከሞተሩ ሳንወርድ ሚስትየው ነጠላዋን እያጣፋች እየሮጠች ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ ወንድይፍራው! ምነው? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ። አቶ መኮንንን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ከውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ወገቡን ታሞ መገላበጥ አቃተው የተባለው ሰው ቀጥ ብሎ መስኮቱ ላይ ብቅ አለ።

«ገና ነኝ በያቸው!» ብሎ ጮኸ። «ገና ነኝ! ይመለሱ!»

ጆሮዬ ሀፍረትን ያውቃል፤ ወዲያው ጋለ። ጋሼን በጎን አየኋቸው። እሳቸው ግን ብርቱካኑን ለሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ሰጡ፤ «እግዚአብሔር ይማረው» አሉ፤ ወደ እኔም ዞረው በሹክሹክታ፣

«ተነስቶ ከጮኸ ተሽሎታል ማለት ነው» አሉኝ።

ሞተሯ ምንም አልነበረባትም፤ በዚያው ሳምንት ተፈትሻ ነበር። ጋሼ ግን አላስነሷትም። በሰፈሩ ሌላም የታመመ እንዳለ ያውቃሉ፤ ሰው እንዳያስደነግጡ መሪዋን ይዘው በዝምታ እየገፏት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምን ይደረግ? እኔም ከኋላ ገፋሁላቸው።